እንግሊዝ ከእኔ ሶፋ ላይ ስትተዳደር

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሊዲያ ኮሌጅ ልትገባ ነው ተብሎ ቤዝመንቱን ስናጸዳ፣ ከክሎዜቱ ወለል ላይ፣ ከአሮጌ ካፖርቶች ስር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ፤ ክርና መርፌዬ ነው ብዬ ክዳኑን ብከፍተው የሻይ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሻይ ቅጠል ግን የለበትም። ያለው አንድ ካሴት ነው። ያ ካሴት ከለንደን የሻይ ካርቶን ውስጥ ተቀብሮ የመጣ ነውና ይህን ሁሉ ዓመት ሽታውን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ እኔ ጉልበቴን እንኳ ይዤ መቆየት አቅቶኛል።

ሊዲያ በእንግሊዝኛዋ ይሄ ምንድነው አለችኝ። ደብዳቤ ነው አልኳት። አገላብጣ አየችውና ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን እጄ ቆርቆሮውን አለቅም አለኝ።

ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። ላፍርበት ብል ስልሳ ዓመት ሙሉ ማፈር ደግሞ ይሰለቻል። እናታችን ስትሞት እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ እህቴ ሰብለ ገና ጡት አልጣለችም፤ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ታደለ ትምህርቱን ይዟል፣ ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት አይወጣም ተባለ፣ እንግዲህ ማን ቀረ? ሰብልዬን በጀርባዬ አዘልኳትና ያው አዝዬ ቀረሁ። አባታችንም ብዙ አልቆየ፤ ከዚያ ወዲህ አባታችን ጋሼ ነው። በኋላ ዘመኑ ሲበትነን ጋሼና እኔ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ወደቅን፣ ሰብልዬ ሱዳንን አቋርጣ ለንደን ገባች። ደብዳቤ በሌላ ሰው አስጽፌ ገመናዬን ከማዞር ብዬ ከሰብልዬ ጋር በካሴት እናወራ ነበር። ያውም በአንድ ካሴት። እሷ አውርታ ትልካለች፣ እኔ እሰማና በእሷ ድምፅ ላይ የራሴን ቀድቼ እመልሳለሁ፣ እሷም በእኔ ላይ። አዲስ ካሴት መግዛት አቅቶን አይደለም፤ በአንድ ሳህን የምንበላ ይመስለን ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ሊያልቅ ሲል ነው የማወራችሁ። ያኔ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ራዲያተሩ እንደታፈነ ሰው የሚያቃስትበት አፓርትመንት ነበረኝ፤ የልጆቼ አባት ትራክ ነድቶ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ላይ ነው፣ እኔም ከነርሲንግ ሆሙ ሎንድሪ፣ የአረጋውያን አንሶላ ከማጥብበት፣ ሺፍቴን ጨርሼ መጥቼ መኮሮኒ በሥጋ አበስላለሁ። ቅዳሜ ማለት የክርክር ቀን ነዋ። ጋሼ አገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም የነበረ ሰው ነው፣ እዚህ ዳውንታውን የፓርኪንግ ትኬት ይቆርጣል፤ ለመቁረጡ ክራቫት አያስርም፣ እኔ ቤት ሊከራከር ሲመጣ ግን ያስራል። አንዱ እጀታ በክር የታሰረ መነጽሩን ከአፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከእንግሊዝ ራዲዮ የለቀመውን ይዞ ይቀመጣል። ባላጋራው ጋሽ ወልዴ ነው፤ ከፍራንክሊንተን ሰፈር ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሆዱን ቀድሞ አስገብቶ እሱ ኋላ የሚገባ፣ በወጣትነቱ ምሥራቅ አውሮፓ በነፃ የተማረና እዚህ ዕቃ ግምጃ ቤት ሣጥን የሚያነሳ ሰው።

እነዚህ ሁለቱ የሚኖሩበትን አገር አያሙም። ኦሃዮን ማማት ያስፈራቸዋል፣ የሚሰማ ያለ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እንግሊዝን ያስተዳድራሉ። ከእኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንደኛው እግር የተሰበረና ጡብ የተደገፈ ሶፋ ላይ፣ የእንግሊዝን ባቡር ይሸጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ግብር ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ከዚያ መኮሮኒ ይበላሉ። ሲከራከሩ ደግሞ እምነት የላቸውም። ጋሽ ወልዴ ቀኝ ካለ ጋሼ ግራ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወልዴ ግራ ብሎ ከመጣ ጋሼ ያለ አንዳች ሐፍረት ቀኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ጭራቸው ላይ ክብሪት የምጭር ነኝ። ነገሩ ቀዝቀዝ ሲል ከኪችን ብቅ እልና፣ ጋሼ፣ ጋሽ ወልዴ ግን አልገባህም እያለህ ነው መሰለኝ፣ ብዬ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠበሰው ሽንኩርት ድምፅ እንኳ አይሰማም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን የሰብልዬ ካሴት መጣ። የእንግሊዝ አዲሱ መንግሥት ከመጪው ዓመት ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ይከፍላል ብሏል፤ እሷ ደግሞ የማታ የምትማረውን ጨርሳ የምትገባው ልክ በዚያው ዓመት ነው። የመኖሪያ ወረቀቷን አግኝታለች፣ መምህሯም ግቢ ብላታለች፣ ምን ልትማር እንደፈለገች ደግሞ በደስታ ድምፅ አወራችልኝ፤ ግን ዕዳ ፈራሁ፣ ለጋሼ ንገሪውና እሱ ያለኝን አደርጋለሁ አለችኝ። እሱ ያለኝን። ልብ በሉልኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ለጋሼ ነገርኩት፤ ግን ቅዳሜ ነገርኩት፣ ጋሽ ወልዴ ባለበት። ቴፑን ከሶፋው ጀርባ ደበቅኩና ሁለቱን የመቅጃ ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። የሰብልዬ ደብዳቤ ያለበት ገጽ ላይ ነው፣ እንደ ልማዳችን። በብርድ አገር ብቻዋን ናት፣ እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች ሰምታ ትንሽ ትሳቅ ብዬ ነው። ክፋት አልነበረኝም። ክፋት ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ቀደመ። እነዚህ ባለሥልጣኖች ራሳቸው በነፃ ተምረው ገብተው በሩን ከውስጥ ሊቆልፉት ነው አለ፤ ድሃ ልጅ እኮ ክፈል ሳይባል ገና ወሬውን ሲሰማ ነው የሚሸሸው አለ፤ ጠረጴዛውን ሲመታው ሹካው ሲዘል ካሴቱ ላይ ይሰማል። እሱ ነፃ ይሁን ካለ ጋሼ እንግዲህ ይክፈሉ ማለት አለበት። መንግሥት የገንዘብ ምንጭ አልቆፈረም አለ፤ ሐኪም ቤቱም፣ ጡረተኛውም፣ መንገዱም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ አውቶቡስ የሚነዳው ሰውዬ ከደሞዙ ተቆርጦ ነገ ከእሱ ዐሥር እጥፍ የሚበላውን ልጅ ለምን ያስተምራል አለ። እንዴት እንደሚያምርበት! ትኬት የሚቆርጥ ሰው አይመስልም፤ ፓርላማ የቆመ ነው የሚመስለው። ሳቄን ይዤ ይዤ፣ ክብሪቴን ጫርኩ። እና ሰብለስ፣ ጋሼ፣ ሰብለ ምን ታድርግ ነው የምትለው፣ አልኩት። ጋሽ ወልዴም ያዘልኝ፤ አዎ፣ በገዛ እህትህ ትጨክናለህ ወይ አለው።

ጋሼ ወደ ኋላ የሚል ሰው አይደለም።

«እህቴም ብትሆን ትሥራ። መንግሥት አባቷ አይደለም፤ እኔም አባቷ አይደለሁም።»

ጋሽ ወልዴ ኡኡ አለ፣ እኔ በሳቅ ፈረስኩ፣ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ገጹ አልቆ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ካሴቱ አያውቅም። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ፣ መኮሮኒውን ሳበና፣ ትግባ እንጂ፣ ለእሷማ እሑድ ሺፍት እጨምራለሁ፣ ቄሱም ይቅር ይበለኝ አለ። እኛ ጴንጤ ስለሆንን ቄስ የለንም፤ ጋሽ ወልዴ በዚህም ላይ ሌላ ክርክር ከፈተ። እኔ ካሴቱን በማግስቱ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። የቀረውን በስልክ እነግራታለሁ ብዬ። ስደውልላት እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ሌላ ጊዜ ስልኩን የሚያነሳው የቤቱ ሌላ ተከራይ ነው፣ ከዚያ ልጄ ጉንፋን ያዘው፣ ከዚያ ገና ሆነ። ደግሞስ ሰብልዬ የጋሼን አመል አታውቅም? ብዬ ተውኩት። አታውቅም ነበር። እሱ እንዲህ መጫወት የጀመረው እዚህ መጥተን ነው፤ እሷ የምታውቀው ጋሼ አንድ ቃል ከተናገረ የማይመልስ ሰው ነው። ፊቱን ብታይ ኖሮ ትለየው ነበር። እኔ የላክሁላት ድምፁን ብቻ ነው።

መልሷ በረዶው ሳይቀልጥ መጣ፣ ሻይ ቅጠል ውስጥ። በሌላው ገጽ ነው የቀዳችው፤ ክርክሩን አላጠፋችውም። ደስ ደስ እያላት ነው የምታወራው፤ የአረጋውያን ቤት ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሙሉ ቀን፣ ዩኒቨርሲቲውን ትቼዋለሁ፣ ልክ ነው፣ ሰው ሠርቶ መብላት አለበት። እየሳቅሁ ስሰማ ቆየሁና መጨረሻው ላይ ደረስኩ። «ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ» ብላ ዘጋች። ወንድምሽ። ከተወለደች ጀምሮ ጋሼ ብላ እንጂ ሌላ ጠርታው የማታውቅ ልጅ። ቴፑን አጥፍቼ ኪችኑ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ለጋሼ አሰማሁት፤ ምን እንዳደረግሁም ነገርኩት። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ደወለላት። በአንቱታ አነጋገረችው። የዩኒቨርሲቲውን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንግዲህ እናያለን፣ እርስዎ አይጨነቁ አለችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሽ ወልዴ ጫማው ላይ በረዶ እንደያዘ ገባ፤ ለንደን ያለ የአጎቱ ልጅ የላከለትን ጋዜጣ ይዞ ነው። ጠረጴዛም አልመታም። ቀስ ብሎ አነበበለት፤ ቤተሰቡ አቅም የሌለው ልጅ ያንን ክፍያ አይከፍልም ይላል። ሰብልዬ የማንን አቅም ይዛ ነው? ለመኖሪያዋ መበደሯ ባይቀር፣ ለትምህርቱ አንድ ሳንቲም አትከፍልም ነበር። ሁለቱ ስንት ቅዳሜ የተጨቃጨቁበት ዕዳ እሷ ላይ አይደርስም ነበር። ጋሼ እንደገና አንብብልኝ አለው። እንደገና አነበበለት።

ለሰብልዬ ይህንንም ነገርናት። እንግዲህ ሥራውን ለምጄዋለሁ አለች። የሚቀጥለው ዓመትም መጣ፣ ሄደ፤ ከዚያ አገባች፣ ወለደች፣ ፈታች። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አላቋረጠም፣ ክራቫቱንም ያስራል፤ ጋሽ ወልዴ እያወቀ ስሕተት ይናገርለታል፣ እንዲያርመው ብሎ፤ ጋሼ ልክ ነህ ወልዴ ይለዋል። ልክ ነህ! ያን ጊዜ ነው ቤቴ የሞተው። ጋሼ ራሱ ከመቀበሩ ብዙ ዓመት በፊት። ጋሽ ወልዴም ተከተለው፤ አሁን እንግሊዝ የራሷ ጉዳይ ሆናለች።

ሊዲያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ትሪፍት ስቶር ቴፕ ገዝታ መጣች። ሰማነው። ከሞቱ ሰዎች ጋር በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ማለት ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገራችሁ፤ ራዲያተሩ ያቃስታል፣ ያኔ ትንሽ የነበረው የሊዲያ አባት ከጓዳ ያስላል፣ ሹካው ይዘላል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠችኝ አንዲት የማላውቃት ሴት ናት፤ ሠላሳ ምናምን ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ እንደ ጥሬ ቃሪያ ይፋጃል፣ የገዛ ወንድሟን ታጣላለች፣ ትስቃለች። አቁሚ ልላት ነበር። ሊዲያ አማርኛው ከግማሽ በላይ አይገባትም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማችና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ምን ልትማር ነበር?

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሰን እንደገና ሰማነው። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ እሷ ተከራክረው አንዳቸውም የትምህርቱን ስም አላነሱትም። እኔም አላነሳሁትም። ነግራኝ ነበር እኮ፤ ልክ በዚያው ገጽ ላይ፣ በደስታዋ ድምፅ፣ እና እኔ የሽማግሌ ጭቅጭቅ ቀዳሁበት። ልቤን ብቧጥጠው፣ ብቧጥጠው የለም።

በማግስቱ ደወልኩላት። አሁንም እዚያው ሥራ ላይ ናት፣ ራሷ አያት ለመሆን ደርሳ የሌሎችን አያት ታጥባለች። ለወሬ ያህል አስመስዬ፣ ስሚ ሰብልዬ፣ ያኔ ምን ልማር ነው ያልሽኝ አልኳት። ከጀርባዋ የምታስል አሮጊት ይሰማኛል።

«ኧረ እኔም ረስቼዋለሁ፣ እትዬ» አለችኝ።

ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ስኳር ሰርቃ ስትዋሽ ቀድማ የምትስባትን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ሳበቻት። ሌላ ቀን ቢሆን አፋጥጬ አወጣጣት ነበር፣ በዚህ የሚያክለኝ የለም። አላፋጠጥኳትም። ጉልበትሽ እንዴት ነው አለችኝ፣ ደህና ነው አልኳት፣ አሮጊቷ ጠራቻትና ሄደች። ያቺን አንዲት ቃል፣ የትምህርቱን ስም፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻዋ ይዛታለች። ትያዛት። ከዚያ ሁሉ ለእሷ የደረሰቻት ያቺው ቃል ብቻ ናት።