እሁድ እስኪያልፍ ያቆየሁት መርዶ

ወንድሜ በአሜሪካ ትልቁ የፉትቦል ሊግ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሜዳ የገባ ዕለት፣ እናታችን ከሞተች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እኔ አውቃለሁ። እሱ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መሃል ይህን የምናውቀው እኔና አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ብቻ ነበርን።

ወንድሜን በአሥራ አራት ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን የሞተው እሱ ገና ሳይድህ ስለሆነና እናታችን ሱቅ ስለምትውል፣ አዲስ አበባ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያዘልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ዲቪ ደርሶኝ ወደ ዴንቨር መጣሁ። እነሱን ደግሞ የእናቴ እህት ወደ ካናዳ፣ ኤድመንተን ወሰደቻቸው።

በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካኖቹን ኳስ የጀመረው እዚያ ነው፣ በትምህርት ቤት። የሚጫወትበት ቦታ ራኒንግ ባክ ይባላል፤ ኳሱን ከጓደኛው እጅ ተቀብሎ፣ ሊጥሉት በቆሙ ግዙፍ ሰዎች መሃል ሰንጥቆ የሚሮጠው ማለት ነው። እናታችን ይህን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርታው አታውቅም። “ያ መላተም” ነበር የምትለው። ሆስፒታል ጽዳት ትሠራ ስለነበር አንገታቸው የታሰረ፣ እግራቸው የተሰቀለ ልጆች ታያለች። ቢሆንም ጨዋታ ባለ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጥና ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ታዳምጣለች። ሲያልቅ ለእኔ ትደውላለች። “ወደቀ፣ ተነሣ፣ አልሐምዱሊላህ” ትለኛለች። ማን እንዳሸነፈ ነግራኝ አታውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የካናዳ ሊግ ውስጥ ገባ። እዚያም ቢሆን ለዚህ ቦታ አሜሪካዊ ማስመጣት ይመርጣሉ፤ በእነሱ አገር ያደገ ልጅ እንደዚያ ይሮጣል ብሎ የሚያምን አሠልጣኝ ብዙ አይደለም። ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት ዕድል ሰጡትና ሮጠ። በአራተኛው የዴንቨሩ ቡድን ለሙከራ ጠራው።

እኔ የምሠራው ዴንቨር ኤርፖርት ነው፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እገፋለሁ። እሱ የመጣ ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ በዩኒፎርሜ ነው የተቀበልኩት። “እትዬ” ብሎ ሲያቅፈኝ እግሬ መሬት ለቀቀ። ካየሁት አራት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ፊቱ የድሮው ነው፣ አንገቱ የማላውቀው ሰው አንገት ሆኗል።

ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለው አፓርትመንቴ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ሶፋው ስለማይበቃው ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘረጋሁለት። ከእኔ በታች ባለው ቤት ጎረቤቴ፣ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ይኖሩ ነበር። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፉትቦሉን ከእኔ እጅግ ይሻላሉ። ከልምምድ ሲመለስ ደረጃው ላይ ይጠብቁትና ያስወሩታል። ካናዳ አሥር ያርድ ለመሄድ ሦስት ሙከራ ነው የሚሰጠው፣ እዚህ አራት፤ አንድ ተጨምሮልሃል ይሉታል። እሱም ይስቅና፣ “ጋሼ፣ ሜዳው ግን ጠባብ ነው፤ መሸሻ የለም” ይላቸዋል።

የክረምቱ ልምምድ ሲያልቅ አሰናበቱት። በሦስተኛው ቀን መልሰው ጠሩትና ለልምምድ ብቻ በሚያስቀምጧቸው ልጆች ውስጥ አስገቡት። ሳምንቱን ሙሉ ከቡድኑ ጋር ይጋጫል፣ እሁድ ግን ማልያ አይለብስም። ጓደኞቹ “ካናዳ” ነበር የሚሉት፤ ስሙ አስቸግሯቸው ነው። ልምምድ ሜዳው አጠገብ ቤት ተከራየ፤ እኔ ጋ እየመጣ ይበላል፣ ምግቡን በሳህን ይዞ ይሄዳል። ከፍቶት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ሥራ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ እንደ እኔ ሥራ።

ኅዳር ላይ በእሱ ቦታ ከእሱ ቀድመው የሚሰለፉት ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ተጎዱ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን፣ አንዱ የጭኑን ጅማት። ረቡዕ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ።

“እትዬ፣ እሁድ ስታርት አደርጋለሁ” አለኝ፤ ከመጀመሪያው ይሰለፋል ማለት ነው።

ማሻ አላህ አልኩት። ለእናታችን አስቀድሞ ደውሎላት ኖሯል። ሁለት ትኬት ልኮልኝ ነበርና አንዱን ለጎረቤቴ ሰጠሁ።

እናታችን ኩላሊቷ ደክሞ ደሟን በማሽን ማሳጠብ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐሙስ ራሷ ደወለችልኝ። ትንሽ ስለባሰባት ሆስፒታል አስተኝተዋታል። ድምፅዋ ቀጥኗል እንጂ ሌላ የተለየ ነገር አልነበረውም። “እሁድ እስኪያልፍ ለእሱ ምንም እንዳትነግሪው” አለችኝ። እሺ አልኳት።

አርብ ከሰዓት በፊት፣ የሠራተኛ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ምሳዬን ስከፍት አክስቴ ደወለች። እናትሽ ሄደች አለችኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ቀብሩ በነጋታው ከዙሁር ሶላት በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ልጁ እንዲደርስ ዛሬውኑ ይነሣ አለች። እኔ እነግረዋለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ምሳዬን በላሁ። እስከ መጨረሻው በላሁት፤ ዕቃውንም አጥቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ ነበር። ይህን የምለው በረራዎቹን በቃሌ ስለማውቃቸው ነው። በዚያ ቀን አመሻሽ ወደ ካልጋሪ የሚሄድ አውሮፕላን አለ፣ ከዚያ ኤድመንተን በመኪናም ይደረሳል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ እየገፋሁ በዚያው በር በኩል አለፍኩ፤ ሰው ገና መሰለፍ አልጀመረም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ማታ ላይ አክስቴ ስትደውል ቡድኑ አልለቀቀውም አልኳት። ቡድኑ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኔም ብሄድ እሱ ይሰማል፤ ስለዚህ እኔም ቀረሁ። የአክስቴ ልጆች እንዳይደውሉለት፣ ፌስቡክ ላይም እንዳይጽፉ አስጠነቀቅኩ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናታችን የመደወል ልማድ ስለነበረው ጠዋት መልእክት ላክሁለት፦ እማ ደክሟት ተኝታለች፣ ዱዓ አድርጋልሃለች። በልብ ምልክት መለሰልኝ።

በቀብሩ ሰዓት አንዲት ሴትዮ በዊልቸር ይዤ ሊፍት እየጠበቅኩ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፣ ሊፍቱ ተከፈተ፣ ገባን።

ከሥራ ስመለስ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። መርዶ ወጉ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ መሆኑን፣ የእኛ የሙስሊሞቹ ቀብር ደግሞ እንደማይቆይ እያወጡ እያወረዱ ቆዩ። ከዚያ ምን እንዳሰብኩ ጠየቁኝ።

“እናቴ እሁድ እስኪያልፍ ብላኛለች” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እሷ ያለችው ስለ ሕመሟ ነው።”

ደግመው አላሉትም። እሁድ ጠዋት ግን መኪናቸውን አሙቀው ታች ይጠብቁኝ ነበር።

ስታዲየሙ ራቅ ብለው ፓርክ አደረጉና በእግር ሄድን። ብርዱ ያቃጥላል፣ ፀሐዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ስለተቀመጥን ወንድሜን በቁጥሩ ነው የለየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሲሰጡት አንድ እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ጣሉት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጎረቤቴ በዝግታ ያስረዱኛል፤ አሁን ሦስት ያርድ ሄደ፣ አሁን ስድስት። ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። ከፊታችን የነበረች ሴትዮ ጓንቷ ወድቆባት አንስቼ ሰጠኋት። ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ምን እንደተሰማኝ ግን ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ የለኝም። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ እንደሚወጉት ማደንዘዣ ነበር፤ መነካቴን አውቃለሁ፣ ሕመሙ የለም።

ከእረፍት በኋላ ኳሱን ተቀበለና ወደ ግራ ሮጠ። መንገድ ሲያጣ ቆም አለ፤ ቆሞ ነው የምላችሁ፤ ከዚያ ሁለት ሰው ተጋጭተው ሲወድቁ በመሃላቸው ሾልኮ እስከ መጨረሻው መስመር ደረሰ። ስታዲየሙ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቴ ክንዴን ያዙኝ። ወንድሜ ግንባሩን ሣሩ ላይ አድርጎ ሱጁድ ወረደ። ሲነሣ አንድ ካሜራ የያዘ ሰው አጠገቡ ደርሶ ነበርና ፊቱ በትልቁ ስክሪን ላይ መጣ። ወደ ካሜራው ጠጋ ብሎ አንድ ቃል ተናገረ። ድምፅ አይሰማም፤ ከንፈሩን ግን አነበብኩት። “እማ” ነው ያለው።

ጎረቤቴ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ስክሪኑን አየሁ።

ጨዋታው በቡድኑ አሸናፊነት አለቀ። ከታች የተጫዋች ቤተሰብ የሚጠብቅበት ሰፊ ኮሪደር አለ። ጎረቤቴ መኪናው ጋ እንደሚጠብቁኝ ነግረውኝ፣ መርዶውንም ቢቻል እስከ ነገ ማለዳ እንዳቆየው መክረውኝ ሄዱ። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ወንድሜ ግን ገና ከበሩ ሲወጣ ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ነበር። ፀጉሩ አልደረቀም፣ አገጩ ሥር ተልጧል። በአንድ እጁ አቀፈኝ፣ በሌላው ይደውላል። ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት።

“አትደውል” አልኩት።

“ለምን? ተኛች?”

“እማ አርብ ዕለት ሞታለች።”

ቃሉን በቀጥታ ነው ያልኩት፤ ማለዘቢያውን ረስቼው ሳይሆን አፌ ላይ የመጣው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

“አርብ?” አለኝ። “ዛሬ እኮ እሁድ ነው።”

“አዎ።”

“ተቀበረች?”

“ትናንት።”

ከእኔ ጋር ሲያወራ ሁልጊዜ የቻለውን ያህል አማርኛ ነበር የሚናገረው፤ ይደነቃቀፋል፣ ግን አይተወውም። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ታውቂ ነበር ማለት ነው አለኝ። ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ። በሩ አጠገብ ጥቂት ቆምኩ። አንድ ሠራተኛ ሰው የምጠብቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አይ ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ በመጀመሪያው አውሮፕላን ሄደ። ቡድኑ የፈለገውን ያህል ቀን ሰጥቶት ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። እሱ ሲመለስ ከተጎዱት አንዱ ድኖ ነበር። ሁለት ጨዋታ ላይ ጥቂት ጊዜ ኳስ ነካ፣ ከዚያ ጉልበቱ ልምምድ ላይ ዞረ። በጸደይ አሰናበቱት። ወደ ካናዳ ሊግ ተመልሶ ሦስት ዓመት ሮጠ፤ በሦስተኛው ዓመት ያው ጉልበቱ ድጋሚ ተጎዳና አቆመ። እዚህ አገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው መስመሩን ያለፈው፤ ያ የእሁዱ ነው።

እኔን ለሁለት ዓመት ያህል አላናገረኝም። ለኢድ መልእክት ይልካል፣ እመልሳለሁ። አክስቴ እውነቱን ስትሰማ እሷም ለጥቂት ጊዜ ስልኬን አታነሣም ነበር። ቤቴ ለቅሶ የመጡ ሰዎች አላህ ያጽናሽ ሲሉኝ አሜን እያልኩ ሻይ ቀዳሁ። አንዲት ጎረቤት፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። አልመጣልኝም። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ።

አሁን ወንድሜ ኤድመንተን ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። አግብቷል፣ ሴት ልጅ ወልዷል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሦስቱም መጥተው እኔ ጋ ከረሙ። አንድ ቀን ከሰዓት እሱና እኔ ሥጋ ልንገዛ ሃቫና ስትሪት ወጣን። ገዝተን መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ሞተሩን አላስነሣም። እጁ መሪው ላይ እንዳለ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣

“አርብን ንገሪኝ” አለኝ። “ከመጀመሪያው።”

ነገርኩት። ሐሙስ ምን እንዳለችኝ፣ አክስቴ የደወለችበትን ሰዓት፣ ምሳዬን መብላቴን፣ የካልጋሪውን በር። ለአክስቴ የዋሸሁትንም፣ ለእሱ የላክሁትንም። ስቆም “ከዚያስ?” ይለኛል፣ እቀጥላለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም እስከ ዛሬ ያገኘሁት መልስ የለም። እናታችን ብላኝ ነው እንዳልል፣ ያለችው ያንን አይደለም። ለእሱ ብዬ ነው እንዳልል፣ እሱን ብጠይቀው የሚመርጠውን አውቅ ነበር።

እየነገርኩት የቀብሩ ሰዓት ላይ፣ ሊፍቱ ጋ ስደርስ፣

“አንቺም አልቀበርሻትም” አለኝ።

“አልቀበርኳትም።”

ራሱን ነቀነቀ። ከጎናችን መኪና ገባ፣ አንዲት ሴት ከልጆቿ ጋር ወረደች፣ ወደ ሱቁ ሄዱ። የመኪናው ውስጥ ሞቆ ነበር። እኔ ሥጋው እንዳይበላሽ አልኩት። እሺ እትዬ ብሎ ሞተሩን አስነሣ፣ ወደ ቤት ሄድን።