የልብስ ማጠቢያው ምድጃ

እዚህ ጀርመን፣ ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ባለችው የአሮጌ ዕቃ ሱቄ ጎን አናጢ አለ፤ የሰጋቱራው ሽታ በመጣ ቁጥር ደንበኛ እንኳ ፊቴ ቢቆም ከወንበሬ እነሣለሁ። አባቴም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር።

ያኔ ቦርንሃይም ሰፈር፣ ያረጀ ፎቅ ላይ ነበርን። የቤቱ ማሞቂያ ራሱንም አያሞቅ፤ እናቴ ወጥ የምትሠራው ካፖርት ለብሳ ነበር። ቅጠል ሲረግፍ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኙ አባቴ «በረዶ ሳይጥል ያንን ካፖርት አስወልቅሻለሁ» አላትና፣ ከተጣለ ማሽን ሆድ ያወጣውን ክብ ብረት ተሸክሞ መጣ። ውስጡን በሸክላ አፈር ለስኖ፣ መሃሉ ጠርሙስ አቁሞ፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ ይጠቀጥቅና ጠርሙሱን ይነቅለዋል፤ በቀረው ቀዳዳ እሳቱ ከሥር ወደ ላይ ይሳባል። ማታ ማታ እያፈረሰ እንደገና ይገጥመው ነበር።

«ፈለሰፍኩት» ሲላት፣ «ለእንቅልፍ የሚሆንም ፈልስፍ» ትለው ነበር።

በረዶው መጣ። እዚህ አገር ጭስ ማውጫ ጠራጊው ሾርንሽታይንፌገር አይቶ ሳይፈቅድ ምድጃ አይነድም። የቴርሚኑ፣ የቀጠሮው ዕለት አባቴ ከመስኮት መስኮት ሲዞር ቆየና «እንግዳ በብርድ ቤት ላስገባ?» ብሎ ለኮሰው።

«ሰውዬው ሳያየው አይነድም ተብለሃል እኮ» አለች እናቴ፤ ግን ሽሮውን ጣደችበት። ቤቱ ሲሞቅ ካፖርቷን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ሰውዬው ጥቁር በጥቁር ለብሶ ገባ፣ ሽሮውን አስደግሞ በላ፣ ምድጃውን ዞሮ ዞሮ አየና «በደንብ አስበውበታል» አለ። አባቴ ፈገግ ብሎ ሳይጨርስ፣ ሰውዬው አፉን ጠርጎ፣ «ሳልፈቅድ ግን ነዷል። ጭሱ ቢመለስባችሁ ከእንቅልፋችሁ አትነሱም» ብሎ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ደፈነው።

በሩ ሲዘጋ «ይህንን ከሽሮው በፊት ቢናገር ምን ነበረበት?» አለ አባቴ። ዓይኑ ግን ሚስማሩ ላይ ነበር። እናቴም አየችው፤ ካፖርቱን አላነሣችም። እስከ ጸደይ ድረስ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አልለበሰችውም፤ ከቀሚሷ ሥር ሹራብ በሹራብ ትደራርብ ነበር። አባቴም ግድግዳውን እየዳሰሰ «ቤቱ ሙቀት ይዟል» እያለ ይዞር ነበር፤ ያውቅ ይሁን አያውቅ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ፀሐይ ስትወጣ ምድጃው ወደ በረንዳ ወጣ፣ ጤና አዳም ተተከለበት።

አሁን ሪድበርግ ሰፈር ባለው ቤቴ ሙቀቱ ከወለሉ ሥር ይመጣል፤ ልጆቼ በታኅሣሥ በባዶ እግር ይሮጣሉ። አባቴ ካለፈ ወዲህ አብራኝ የምትኖረው እናቴ ግን ካፖርቷን ለብሳ ትቀመጣለች። ልጄ በጀርመንኛ «አይሞቅሽም እንዴ?» ስትላት፣ ዙሪያዋን ቃኘት ታደርግና «ማን አነደደው?» ብላ የካፖርቷን ቁልፍ ትቆልፋለች።