የጠመኔው ምልክት

ስለ ስመ ጥሩው የመኪና ተወዳዳሪ ሕይወት የተሠራው ፊልም አደጋው ጋ ሲደርስ፣ የተወዳዳሪው መካኒክ የነበሩት ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጡትን የሟቹን እናት ዓይን በባርኔጣቸው ጋረዱላቸው። የፊልሙ ጸሐፊ ከኋላ ሆኖ አያቸው።

ተራኪው «ፍጥነት አሳወረው» ሲል እናትየው አንገታቸውን ደፉ። በመካኒኩ ጋራዥ የጎማ ብሎን መጀመሪያ ተጠብቆ ነው በጠመኔ ምልክት የሚደረግበት። በአደጋው ዕለት ግን መካኒኩ ተጣድፈው ምልክቱን አስቀደሙ፤ ማጥበቁን ረሱት፤ ጎማው ወለቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የነገሩት ለፈጣሪያቸው ብቻ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ መካኒኩ በሩ ላይ የጸሐፊውን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ እሱን እኮ ከውድድር ውጪ ሲነዳ ‹ቀንድ አውጣው› እያልን ነበር የምንቀልድበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጎማውን ብሎን ሳላጠብቅ ምልክት አደረግሁበት።»

«አባባ፣ ዛሬ ምን አናገርዎት?»

«እናቱ አንገታቸውን እንደደፉ እንዳይሞቱ ብዬ ነው። አብረኸኝ ና። ስነግራቸው አንደበቴ ከተያዘ፣ አንተ ጨርስልኝ።»