በቃሉ መሃል ያለችው ሰባት

ወይዘሮ ዘነቡ ጩማ ስትጽፍ ጣቶቿን አታይም። ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ያገለገለች ሴት ናት፤ ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ጀምሮ እጇ ያለፈበት ደብዳቤ እንከን አይወጣለትም። «የእኔ ደብዳቤ ላይ ስሕተት ያገኘ ምሳ በእኔ» ትል ነበር፤ ምሳዋን የበላ ግን አልተገኘም። ኮምፒውተሩንም የምታውቀው ለዚያው ለደብዳቤ ነው። ፌስቡክ የሚባለው ነገር ለእርሷ የሥራ ፈቶች መንደር ነበር፣ ልጇ እስኪሄድ ድረስ።

ልጇ አንድ ነው፤ ቃለሕይወት ይባላል። ባሏ ኤርካሎ ሲሞት ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ ነጥብ አልመጣለትም፤ አንድ ዓመት የኮብልስቶን ድንጋይ ሲጠርብ ቆየና በ2008 ግንቦት ላይ ደቡብ አፍሪካ ካልሄድኩ አለ። «የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» ብትለው ማን ሰምቷት! ሲሄድ የሚነካካ ስልክ ሰጣት፣ ፌስቡክ ላይ መዘገባት፣ መልእክት እንዴት እንደሚከፈት አሳያት፣ የይለፍ ቃሉንም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠላት። ሞያሌን አለፍኩ፣ ናይሮቢ ገባሁ፣ ታንዛኒያ ነኝ እያለ ይጽፍላታል። የመጨረሻው የመጣው በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። «እማዬ፣ ነገ በጭነት መኪና ሌላ ድንበር እናልፋለን። አታስቢ።» እናትን አታስቢ! ዝናብን አታርጥብ ቢለው ይቀል ነበር።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ የስልክ ኢንተርኔትም ጠፋ። እንዳትደውል ልጁ ቋሚ ቁጥር የለውም፤ የሚጽፍላት ኢንተርኔት ካገኘበት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነው። ስልኳን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ታበራለች። በዚህ መሃል አንድ እሑድ ከአምልኮ ስትወጣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማች። ሰባት የእኛ አገር ልጆች በጭነት መኪና ሳጥን ውስጥ ታፍነው ሞቱ አሉ። የማን ልጆች? አይታወቅም። በየትኛው ድንበር? አይታወቅም። የታወቀው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስም የሌለው መርዶ ደግሞ ክፉ ነው፤ ልጅ የሄደበትን ቤት ሁሉ እያንኳኳ ይዞራል። ዘነቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ቁጥርን ትሸሻለች። የባጃጅ ታርጋ ላይ ሰባት ካለ ሌላ ባጃጅ ትጠብቃለች።

የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት በሽቦ የሚመጣ ስለሆነ አልተቋረጠም ነበር። የሚደርሰው ግን ወደ ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ነው፦ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ገብረማርያም አዲስ ማሽንና ወደ እርሷ አሮጌ። የኮምፒውተር ባለሙያው ጦና ነው። ጦና ፀጉሩ የሸበተ፣ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት የሚቀላቀልበት፣ ግን ልቡ ቀና የሆነ ሰው ነው። የልጁን ነገር ስትነግረው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው የሚፈልጉት?» አላት።

«ድምፅ የማያሰማ» አለች። «ሰፊ ያልሆነ። የሰው ሠርግና የሰው ፖለቲካ የማያሳየኝ። ልጄን ብቻ የሚያሳየኝ።»

ቀላል ትእዛዝ ይመስላል። ጦና በመጀመሪያ ራሱን ፌስቡክን ከነሙሉ ገጹ፣ እገዳውን በቪፒኤን አሳልፎ ከፈተላት። ገና ሳይገባ የማታውቀው ሰው ሠርግ በከበሮ ጮኸ፤ ከገንዘብ ክፍል ሳይቀር አንገት ብቅ አለ። ዘነቡ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለች። አዋጁ ባለበት ሰሞን በመንግሥት ኮምፒውተር ፌስቡክ ተከፍቶ ተገኘ ቢባል እንጀራዋ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ፕሮግራም ድምፅ አልነበረውም፤ ነገር ግን «በስልክ የላክንልዎትን ቁጥር ያስገቡ» ብሎ ቆመ። ቁጥሩ የተላከው ልጁ ሲመዘግባት ወደ ሰጠው፣ ይዞት ወደ ሄደው ወደ ራሱ የድሮ ስልክ ነው። ስልኩ የት እንዳለ ቢታወቅማ ፕሮግራሙስ ለምን ያስፈልግ ነበር!

ሦስተኛው ግን ልክ እንደ ፍላጎቷ ሆነ። መልእክት ብቻ ነው የሚያሳየው። አዲስ ነገር ሲመጣ ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች። «ይቺ ፕሮግራም ጎበዝ ነው» አለ ጦና እጁን እያሻሸ። ከፈቱት። የቃለሕይወት ፎቶ አለ፣ ከጎኑም ከሦስት ቀን በፊት የመጣ መልእክት። ዘነቡ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አራት መስመር ሙሉ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አማርኛ ነው» አለ ጦና አንገቱን ደፍቶ። «ማሽኑ አርጅታለች፣ የደብዳቤውን ፊደል እንጂ የኢንተርኔቱን አማርኛ አታውቅም። ሳጥን ታደርገዋለች።»

ሳጥን! ከቃል ሁሉ ይሄን ቃል። ዘነቡ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ስልሳ ሦስት ናቸው። ውስጣቸው ያለው «ደረስኩ» ይሁን «ቃለሕይወትን የምታውቁ» ብሎ የሚጀምር የሌላ ሰው ጽሑፍ ይሁን እግዚአብሔር ይወቅ። ጦና ፊደሉን ሊጭን ሞከረ፤ ማሽኑ ተንተክትኮ ቀጥ አለና ግማሽ ቀን ከሥራ አስቆማቸው። ኢንተርኔት ቤቶቹ እንደሆኑ አዋጁን ፈርተው «ፌስቡክ አንከፍትም» ይላሉ። የአቶ ገብረማርያም ኮምፒውተር ላይ ሳይነበብላት አይቀርም ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ የማይፈለግ ፋይል ይዛ ተመለሰች። ፈሪ ነበረች፤ ይሄን ራሷም አትክደውም።

በመጨረሻ «በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍልኝ በለው» አለችው ጦናን። አሳቧ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲጽፈው ነው። ጦና ጻፈ፣ ላከ። ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት ቀን። ያቺን የስክሪን ማዕዘን ስታይ ስለምትውል አንገቷ ወደ ቀኝ ዞሮ ቀረ። ባልደረቦቿ ብርድ መቷት መስሏቸው ቅባት አመጡላት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አቶ ገብረማርያም ራሱ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። አስቸኳይ ደብዳቤ ነበር፤ እርሱ በቃሉ ይናገራል፣ እርሷ ትጽፋለች። «ጉዳዩ፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት ስለመላክ» ብሎ ሳይጨርስ ማዕዘኑ ላይ ትንሿ መስኮት ብቅ አለች። የልጇ ፎቶ። የእንግሊዝኛ ፊደል። ፊደሎቹ ግን አማርኛ አልሆን አሏት፤ ዓይኗ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። 7። ዝቅ ብሎ ደግሞ 7። ከዚያ መስኮቷ ጠፋች።

ሰባት።

«ቀጥዪ እንጂ» አለ አቶ ገብረማርያም።

ጣቶቿ ቀጠሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመዱ ጣቶች ናቸው፣ ባለቤታቸው ብትሞትም የሚጽፉ። ሰባት ልጆች። ማን ጻፈው? ጓደኛው ይሆን? ሬሳው የት ነው? የማን ደጅ ላይ ነው ሰው ሲሰበሰብ የማየው? የእኔ ደጅ ላይ ነው። ኃላፊው ይናገራል፣ እርሷ ትጽፋለች፣ መስኮቷ ተመልሳ አትመጣም። ደብዳቤው ታተመ። አቶ ገብረማርያም ሊፈርም ብዕሩን አነሣና ቆመ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ይቺ ሰባት ምንድን ናት?»

«ከመሥሪያ ቤታችን» በሚለው ቃል መሃል ሰባት ቁጥር ተሰንቅራለች። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ። ዘነቡ ወረቀቱን አየችና እንባዋ ተዘረገፈ። «ልጄ ነው!» አለች። «ሰባት ሆነው ሞቱ!» ከዚያ አዋጁንም እንጀራዋንም ረስታ ከፌስቡኩ ጀምሮ ሁሉንም ዘከዘከችው። አቶ ገብረማርያም አልተቆጣም። ብዕሩን አስቀምጦ ኮሪደሩ ላይ ወጣና «ጦና! ጦና!» ብሎ ተጣራ።

ጦና እየሮጠ መጥቶ መልእክቱን ከፈተ። አየው፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሳቀ። ዘነቡ በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራት።

«አማርኛ አይደለም እኮ! ወላይትኛ ነው» አላት። «በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ ሲሉት በትምህርት ቤት የተማረውን ጻፈልዎታ።»

እውነቱን ነው። የዘነቡ ዘመን ልጆች ወላይትኛን በአፍ እንጂ በፊደል አያውቁትም፤ የተማሩት በአማርኛ ነው። የቃለሕይወት ዘመን ልጆች ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በዚህ ፊደል ጽፈውታል። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲባል እጃቸው የሚሄደው ወደዚያው ነው።

«ሰባቷስ?» አለች።

«እሷ ቁጥር አይደለም። ልጆቼ ደብተር ላይ አያታለሁ። ጉሮሮ ላይ ያዝ የምናደርጋት ድምፅ ናት፣ ፊደል ስለሌላት ሰባትን ሰጧት። ይኸው» አለና ጣቱን ቃሉ ሥር አስቀመጠ። de7ays ይላል። «አንብቡት።»

ዘነቡ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ጀመረች። «ደ...» አለች፤ ሰባቷ ጋ ስትደርስ ጉሮሮዋ ራሱ ያዝ አደረገላት። «ደኣይስ።»

ደኣይስ። አለሁ ማለት ነው። ከወለደችው ጊዜ አንሥቶ በአፏ ስትለው የኖረችው ቃል ነው፤ ተጽፎ አይታው አታውቅም። ጦና የቀረውን አነበበላት። እኔ ሰላም ነኝ፣ አለሁ፤ ጓደኞቼም አሉ፤ ድንበሩን አልፈናል፤ ስላስጨነቅኩሽ ይቅር በይኝ። ዘነቡ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደስታዋ መሃል እነዚያ ሰባቱ ትዝ አሏት፤ ወሬው እውነት ከሆነ እናቶች አሏቸው። ስለ እነርሱም አለቀሰች።

አቶ ገብረማርያም ጉሮሮውን ጠረገና «ምሳው የኔ ነው፣ ስሕተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ይሁን» አለች። «መጀመሪያ ግን ልመልስለት።»

አሥር ጣት እያላት በአንድ ጣት መፈለግ ጀመረች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳታየው የጻፈችበትን ሰሌዳ እያየች። ሁለቱን ፊደላት አገኘች። ከዚያ ጣቷን ከፍ አድርጋ ሰባትን ነካች። አለሁ፣ ልጄ፤ እኔም አለሁ።