የዶና ኤርሜሊንዳ የአምስት ሰዓት ቀጠሮ

ዶና ኤርሜሊንዳ ከእኔ በታች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አርባ ስድስቱን ያሳለፉት እዚሁ ሊዝቦን፣ ግራሳ ኮረብታ ላይ ነው፤ መስኮታቸው ከትራሙ ሐዲድ ሦስት እርምጃ አይርቅም። ባላቸው ሴኞር ዘፈሪኑ የሃያ ስምንት ቁጥር ትራም ነጂ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለምሳ ባረፈዱ ቁጥር ምክንያታቸው አንድ ነበር፤ «መኪና ሐዲዱ ላይ ቆሞብኝ ነው።»

«በየቀኑ መኪና?» ይላሉ ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ሾርባውን እንደገና እያሞቁ። «ሊዝቦን ውስጥ ካንተ ሐዲድ በቀር ማቆሚያ የለም?» አንድ ቀንም አምነዋቸው አያውቁም።

ሴኞር ዘፈሪኑ ከሞቱ አምስት ዓመት ሆናቸው። እኛ ዘንድ የመሬት መቃብር ለዘለቄታው አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ አጥንቱም በትንሽ ሣጥን ሆኖ በመካነ መቃብሩ ግድግዳ ውስጥ፣ የሚቆለፍ ትንሽ በር ወዳለው ቦታ ይዛወራል። ቤተሰብ ከፈለገ ቆሞ ያያል። የእሳቸው ቀጠሮ ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሆነ። ዶና ኤርሜሊንዳ የባላቸውን የቆብ ምልክት፣ ቁጥር የተቀረጸባትን ናስ፣ በመሐረብ ጠቀለሏት። ሣጥኑ ሳይታሸግ በገዛ እጃቸው ከአጥንቱ ጋር ሊያኖሯት ነው።

«የማያውቀው ሰው እጅ ብቻ ነክቶት አይቀርም» አሉኝ። አብሬያቸው ልሄድ ተስማማን።

«ታክሲ ልጥራ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም የነዳ ሰው ዘንድ በታክሲ?»

«ማን ያያል፣ ዶና ኤርሜሊንዳ?»

«እሱ ያያል።»

መካነ መቃብሩ ከከተማው ማዶ፣ በሃያ ስምንት ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፌርማታው ላይ ነበርን። የመጀመሪያው ትራም ቱሪስት ሞልቶት መጣ፤ ከየመስኮቱ ስልክ የያዘ ክንድ ወጥቷል። ነጂው መዳፉን አሳይቶን አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከሦስተኛው ውስጥ የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ልጅ ወደ እኛ አነጣጥራ ፎቶ አነሳችና እጇን አውለበለበች።

«እኔን ነው የምታነሳው?»

«ቤቱን ይሆናል» አልኩ፣ ላጽናናቸው ብዬ።

«ቤቱ ጥቁር አልለበሰም።»

አራተኛው ቆመ። ነጂው ቫሽኩ ሙያውን የተማረው ከሴኞር ዘፈሪኑ ነው። «ዶና ኤርሜሊንዳ፣ እግሬ ላይ ካልቆሙ በቀር ቦታ የለም!»

«እግርህ ላይ እቆማለሁ። ክፈት!»

የሽማግሌዎች ወንበር ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ተቀምጧል። ዶና ኤርሜሊንዳ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ይህ ወንበር የአሮጊት ነው» አሉት። ሰውየው ፈገግ አለና ፎቶ እንዲያነሱት ስልኩን ሰጣቸው። አነሱት። ስልኩን መልሰው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ጭንቅላቱን አስቀርቼ አነሳሁት፤ አይጠቅመውም።»

ካቴድራሉን አልፈን፣ መሐል ከተማውን አቋርጠን፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ደረስን። ትራሙ ቆመ። አንዲት ግራጫ መኪና ቂጧን ሐዲዱ ላይ አሳርፋለች።

ቫሽኩ ደወሉን ደጋገመው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ባለመኪናው ከአንዱ ኬክ ቤት አፉን ሞልቶ እየሮጠ ይወጣል፣ «አንድ ደቂቃ ብቻ እኮ ነው!» ይላል፣ ይሰደባል፣ ይሄዳል። ዛሬ ግን ማንም አልወጣም። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። እንግዶቹ መጀመሪያ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከዚያ መኪናዋን ፎቶ ማንሳት ጀመሩ።

«ፖሊስ ጠርቻለሁ» አለ ቫሽኩ።

«ፖሊሱ በምን ሊመጣ? በሃያ ስምንት ቁጥር?» አሉት።

ዶና ኤርሜሊንዳ ቦርሳቸውን ለእኔ ሰጥተው ወረዱ። «አንተ ረጅሙ! አንተም፣ ጉልበትህ በፀሐይ የተቃጠለው! ኑ ውረዱ!» ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ እጃቸው ግን አላሻማም። ስምንት ወንዶች መኪናዋን ከኋላ ያዙ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያነጠሩ እያነጠሩ የእግረኛው መንገድ ላይ አወጧት።

ትራሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ከእሳቸው ጋር ፎቶ ለመነሳት ሰው ተሰለፈ። እንግዶቹ ከጉዟቸው ሁሉ ይቺን ሰዓት እንደሚያወሩ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ዶና ኤርሜሊንዳ ግን የተሰለፈውን በክንዳቸው ወደ ትራሙ ይገፉ ነበር።

«ግቡ! ግቡ እንጂ! የሞተ ሰው እየጠበቀኝ ነው!»

ቋንቋው ያልገባቸው እንግዶች ሳቁና እንደገና አጨበጨቡ።

መካነ መቃብሩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። የመቃብር ቆፋሪው ሴኞር አቢሊዩ ቧንቧው ሥር እጃቸውን ይታጠባሉ። ሲያዩን ውኃውን ዘጉ።

«ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ዶና። ከእርስዎ በኋላ አራት ቤተሰብ ቀጠሮ አለው። ሣጥኑ ታሽጎ ቦታው ገብቷል።»

«ክፈተው።»

«የታሸገ አይከፈትም።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«የደቂቃ ጉዳይ አይደለም፤ ደንብ ነው።»

ዶና ኤርሜሊንዳ አንድ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ክንዳቸውን ያዝኩ። «አምስት ዓመት ነው ይህን ቀን የጠበቅሁት» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ጭንቅላቱን እንኳ ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሴኞር አቢሊዩ። «ቀስ ብዬ።» ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ ቁልፍ አውጥተው በዶና ኤርሜሊንዳ መዳፍ ላይ አኖሩ። «የበሩ ቁልፍ የእርስዎ ነው።»

በሩ ከመጽሐፍ ብዙም አይበልጥም፤ መስተዋትና ነጭ መጋረጃ አለው። ዶና ኤርሜሊንዳ ከፈቱት። ሣጥኑን አዩት፤ ካሰቡት በጣም ያነሰ ነበር። መሐረቡን ፈትተው ናሷን ከውጭ፣ ሣጥኑ ላይ አስደገፏት። አጋደለች። ቁጥሯ ወደ እኛ እንዲዞር አድርገው አስተካከሏት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በመስኮት ሲጣሩ በሚያወጡት ድምፅ፣

«መኪና ሐዲዱ ላይ ቆሞብኝ ነው» አሉ።

ትንሽ ጠበቁ።

«አትሳቅ!» ብለው በሩን ቆለፉት።