ወደ አንገር ጉቲን የተጓዘው ሴራሚክ

ሰሞኑን ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት ሴራሚክ መቁረጥ ሲጀምሩ ያ ጥርስ የሚያጠርስ ጩኸት በመስኮት ገብቶ፣ ሻዬን በእጄ እንደያዝኩ፣ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ይመልሰኛል። አባቴ የአንድ ሳሎን ወለል ለመምረጥ ወራት የፈጀበት፣ በቤታችን ሁሉም ሁሉን የጠረጠረበት ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

የነቀምቴ ክረምት ጭቃው ቀይ ነው። የቤታችን ወለል ሊሾ ሲሚንቶ ሆኖ እዚህም እዚያም ስለተሰነጣጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጭቃ በብሩሽ ቢፈተግም አይለቅም ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ተንበርክካ ስትፈትግ ትውልና፣ እሑድ ከቸርች ስንመለስ በጫማችን ይዘነው የምንገባው ጭቃ ድካሟን ሁሉ ገደል ይከተው ነበር። «ይሄ ወለል እኔን ሳይቀብር አይለቀኝም» ትል ነበር ወገቧን ይዛ።

አባቴ በቡና መጋዘን ውስጥ ከየጆንያው ናሙና የሚያወጣ ሠራተኛ ነበር። ከላይ የተለቀመ ፍሬ የፈሰሰበት፣ መሃሉ ግን ጠጠርና የሻገተ ቡና የታጨቀበት ጆንያ ሲያይ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ቤታችን የሚገባውን ዕቃ ሁሉ በዚያው ዓይን ይመለከት ነበር። ሽንኩርት ከክምሩ ሥር ይመዛል፣ እንቁላል ውሃ ውስጥ ከትቶ ይፈትናል። እናቴ «አንተ እኮ እግዚአብሔር ቢሰጥህም አገላብጠህ ነው የምትቀበለው» ትለው ነበር።

ከእኛ ጋር የአባቴ ታላቅ እህት ትኖር ነበር፤ እኛ ልጆቹ በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምንላት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ከምትኖርበት ከአንገር ጉቲን አምጥቷት፣ የጓዳውን ክፍል ሰጥቷት፣ ከሥራ ሲመለስ ከማንም በፊት እሷን ሳያይ አይቀመጥም ነበር።

መስከረም ላይ ጎረቤታችን አዲስ ቤት ጨርሳ ለምርቃት ጠራችን። ሳሎኗ ፊት የሚያሳይ፣ ነጭ፣ አብረቅራቂ ሴራሚክ ተነጥፎበት ነበር። ውጭ ያካፋ ስለነበር አዳዳ በእርጥብ የፕላስቲክ ጫማዋ ሁለቴ እንኳ ሳትራመድ እግሯ ሸርተት ብሎ በዳሌዋ ወደቀች። አጥንቷ ባይሰበርም ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ መሄድ አልቻለችም። እናቴ አዳዳን ደግፋ እያነሳች እንኳ፣ የቤቱ ባለቤት በግርግሩ የፈሰሰውን ለስላሳ በአንድ እርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጋ ስትነሳ በዓይኗ ስትከተላት አይቻታለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ጥያቄው ቤታችን ገባ።

«ሴራሚክ ይነጠፍልኝ» አለች እናቴ።

«እህቴን የጣለ ነገር ቤቴ አይገባም።»

«ምክንያት አታብዛ። እሳቸው ባይወድቁም እሺ አትልም ነበር።»

አዳዳ ጓዳ ተኝታ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ አባቴ እየከበደውም ቢሆን እሺ አለና፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እየወሰደኝ የከተማውን የሴራሚክ ሱቆች መዞር ጀመርን። ብዙ የተመላለስነው ከማል የሚባል የጉራጌ ነጋዴ ዘንድ ነበር። አባቴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ፣ በፌስታል ደግሞ ከግቢያችን የተዛቀ ቀይ አፈር ይዞ ይሄዳል። ሴራሚኩን ገልብጦ ጀርባው ላይ ውሃ ያንጠባጥብና፣ ውሃውን ከጠጣ «ይሄ ፖርስሊን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት አይደለም» ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። ያልጠጣውን ፊቱን አርጥቦ እኔን ጫማ አስወልቆ ያስረግጠኛል። የሚያንሸራትት ከሆነ ይጥለዋል፤ የማያንሸራትተውን በጭቃ ለውሶ፣ አድርቆ፣ በጨርቅ ይጠርገዋል። በጣም ሻካራው ደግሞ እንደ ሊሿችን ጭቃውን ይዞ ይቀራል። ደንበኞች ቆመው ያዩናል፤ እኔ በሀፍረት መግቢያ ይጠፋኛል።

«ኦቦ ታደሰ» አለው ከማል አንድ ቀን፣ «ሴራሚክ ሊገዙ ነው ወይስ እርሻ ሊጀምሩ?»

አባቴ አልሳቀም። «አንተ የምትሸጠው ደረቁን ነው፤ እኔ የምኖረው እርጥቡ ላይ ነው» አለው።

በመጨረሻ አመድማ፣ የማያብለጨልጭ፣ በመዳፍ ሲዳሰስ ለስለስ ብሎ ግን ቆንጠጥ የሚያደርግ አንድ ፖርስሊን ተገኘ። ናሙናውን ቤት ስናመጣው እናቴ «የመጋዘን ወለል ይመስላል» ብላ አፏን አጣመመች። ከዚያ ራሷ ጭቃ ቀብታ፣ ጨርቁን አንዴ ብቻ ስባበት ቀና አለችና ናሙናውን ለአባቴ መለሰችለት። ያ እሺታዋ ነበር።

ጥር ላይ ነገሩ ተበላሸ። እናቴ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ «ሥራው ሲጀመር እሳቸው ወደ አንገር ጉቲን ይሄዳሉ፣ ቤቱ ይለቀቃል» ስትል አዳዳ ሰማች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓዳው ባዶ ነበር። ሚኒባስ ድረስ የሸኘቻት ጎረቤታችን የነገረቻትን አደረሰችን፦ «ወለሉ የተመረጠው ለእግሬ አይደለም፤ እኔን ለማስወጣት ነው።»

አባቴ እናቴን ዞር ብሎ አያት።

«ለሥራው ሳምንት ብቻ ነው ያልኩት!» አለች እናቴ እንባዋ እየመጣ። «አቧራው ያስላቸዋል ብዬ ነው!»

አላመናትም። ሁልጊዜ ነጋዴ ላይ የሚያርፈው ያ የሚመረምር ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ለቀናት በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት፤ «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው»፣ «በልቻለሁ በያት»። እኔም በተራዬ እናቴን መጠርጠር ጀምሬ፣ ስልክ ባነሳች ቁጥር በር ጥግ ቆሜ አዳምጥ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ አባቴ ናሙናውን በፎጣ ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ከተተና «ተነሺ፣ አዳዳ ጋ እንሄዳለን» አለኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ ከኋላችን ተቀመጠች። ማንም ነይ ወይም ቅሪ አላላትም። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር አባቴ ጆንያውን ደረቱ ላይ ያቅፈው ነበር።

አዳዳን ከአሮጌ ቤቷ ፊት፣ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። እኔን ሳመችኝ፤ እነሱን «ናጋ?» ብላ በሩቁ ሰላም አለቻቸው። አባቴ ብዙ አልተናገረም። መሬቱን በእጁ ደልድሎ ሴራሚኩን አስቀመጠና ውሃ አፈሰሰበት።

«እህቴ፣ ርገጪው።»

«ለምን? እንደገና ልውደቅልህ?»

ሴራሚኩን አየች፣ እናቴን አየች፣ እንደገና ሴራሚኩን አየች። ከዚያ «ሳሙና አምጡልኝ» አለች። አረፋውን በራሷ እጅ እስክትጠግብ ቀብታ፣ ምርኩዟን ተክላ፣ መጀመሪያ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወጣች። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ፣ ሳይነካት ቆሞ ነበር። ተረከዟን ወዲህና ወዲያ ጠመዘዘችው። አልከዳትም።

«ይሄ አንድ ነው» አለች ከላዩ ሳትወርድ። «ወለል ግን ብዙ ነው። ሌላውም እንደዚህ መሆኑን በምን አወቅህ?»

አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ። «ካርቶኑን ከመሃል እያወጣሁ እከፍተዋለሁ።»

«አሁን ገባኝ ከማን እንደወረሰው» አለች እናቴ። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፍቶ ቀረብ አለች። «አዳዳ፣ ለሳምንት ነው ያልኩት። ካላመኑኝ አሁን አብረን እንሂድ። ሥራው እስኪያልቅ እርስዎ አልጋዬ ላይ፣ እኔ ወጥ ቤት እተኛለሁ።»

አዳዳ ምርኩዟን ተደግፋ ከሴራሚኩ ወረደች። «አላመንኩሽም» አለቻት፤ «ግን እሄዳለሁ። ዓይኔ እያየ ይሠራ።»

መጋቢት ላይ ዕቃው ሲመጣ አዳዳ በር ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀመጠች። አባቴ ከመሃል እየመዘዘ ካርቶኖቹን ሲከፍት፣ ላያቸው ላይ ያው ሥዕል ያለባቸው አንዳንዶቹ ውስጥ እንደ ጎረቤታችን ያለ አብረቅራቂ ሴራሚክ ተገኘ። ከማል ተጠርቶ በባጃጅ ደረሰ፤ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወላሂ ኦቦ ታደሰ፣ እኔም እንደታሸገ ነው የተረከብኩት!»

እጀታውን ሰብስቦ የቀሩትን ካርቶኖች ሁሉ በእጁ ከፈተ፣ የተቀየረውን መልሶ ጫነ፣ ከሳምንታት በኋላም ትክክለኛውን ይዞ መጣ። አባቴ ይመነው አይመነው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከማል ሲወጣ ግን እስከ ውጭ በር ሸኘው፤ ይህን ለነጋዴ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም ነበር።

የሚቀጥለው ክረምት ጭቃው እንደ ልማዱ መጣ፣ እናቴም አበስ አድርጋ ትነሳ ጀመር። አዳዳ ወለሉን አንድም ቀን ሳታመሰግን፣ ከመርገጧ በፊት በምርኩዟ ጫፍ እየነካካች፣ እስክትሞት ድረስ ለዓመታት ተራመደችበት። ከእናቴ ጋርም እንዲሁ ነበሩ፤ እየተጠራጠሩ፣ አንዷ ያለ ሌላዋ ምሳ ሳትበላ ኖሩ።

እኔና ባለቤቴ የራሳችንን ቤት ስንሠራ ወለሉን የመረጥነው ከስልክ ላይ ፎቶ እያየን፣ በአንድ ከሰዓት ነው። ሰፋፊ፣ ነጭ፣ ፊት የሚያሳይ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ያኔ በእኛ ቤት ወለሉን ማን እንደሚረግጠው ሳይታሰብ የዋለበት ቀን አልነበረም፤ እኛ ግን ከቀለሙ ሌላ ያነሳነው ነገር ትዝ አይለኝም። እናቴ አሁን አርጅታለች። ልትጠይቀን ስትመጣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። «ያምራል» ትለኛለች፤ ወደ ውስጥ ግን አትዘልቅም።