የውሃ ፍርሃት

ትናንት በሰው አገር፣ ሙኑኪ በሚባል ሰፈር በተከራየንበት ግቢ ውስጥ፣ ውሻ ልጄን ቤቴልን እግሯ ላይ ነከሳት። ክሊኒክ ወስጄ አስከተብኳት። የአገሬ ልጅ የሆነው ሐኪም ካርዷን ሲሞላ «ሃይድሮፎቢያ» የሚል ቃል አየሁና ምንድን ነው አልኩት።

«ከግሪክ የመጣ ነው። ሃይድሮ ውሃ፣ ፎቢያ ደግሞ ፍርሃት። የእብድ ውሻ በሽታ የጀመረው ሰው ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይዘጋል። እሷ የለባትም ብዬ ነው የጻፍኩት፤ አታስቢ፣ ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፣ በአገሬው አረብኛ ችግር የለም ለማለት።

ቃሉ አዲስ ቢሆንብኝም ፍርሃቱን አውቀዋለሁ።

በሰባት ዓመቴ አዋሳ ውሻ ነክሶኝ ነበር። ሆዴ ላይ የሚወጋውን መርፌ ብጨርስም እናቴ አላመነችም። በየጠዋቱ በጣሳ ጸበል ትሰጠኝና ስጠጣ ዓይኗን ከጉሮሮዬ አትነቅልም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በራፍ ላይ ቆመው «ውሃ እስከጠጣች ድረስ ያንቺው ናት» ይሏታል። ካልጠጣሁ የማን እንደምሆን አላውቅም፤ ለሌላ ሰው የሚሰጡኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን በጣም ስለበረደኝ ጣሳውን ገፋ አድርጌ «አልጠጣም» አልኩ። እናቴ አልተቆጣችም። ጣሳው አዘነበለና ጸበሉ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ፊቷ ስላስፈራኝ ጣሳውን ነጥቄ የቀረውን ጨለጥኩት። እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዛሬ ጠዋት ለቤቴል ውሃ ቀዳሁላት።

«አልጠማኝም፣ ማሚ» አለችኝ።

ኩባያውን እንደያዝኩ ቆሜ ጉሮሮዋን አያለሁ።